ሰው የለበትም የተባለው ሰፈር

የፓርኩ ሠራተኞች «ጨረቃ ጠል» ይሏታል። ጨረቃ ሞልታ ስትወጣ ፊቷ ይቋጠራል፤ ጨረቃ ስትጠፋ ደግሞ ሠርግ እንዳለበት ሰው ሽር ጉድ ማለት ትጀምራለች። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሥራዋ ኮከብ ማሳየት ነው። ድንጋይና አሸዋ ብቻ በተዘረጋበት በዚያ የበረሃ ፓርክ፣ ከከተማ የሚመጡትን እንግዶች ኮረብታው ላይ ታስቀምጣለች፣ ስልካቸውን ታስጠፋለች፣ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ታሰኛቸዋለች። ከዚያ ነው ቴሌስኮፑን የምታዞርላቸው። የሳተርንን ቀለበት ያየ ሰው «በፈጣሪ፣ ይሄ ሥዕል ለጥፋችሁበት ነው እንጂ እውነት አይደለም» ሲላት በሳቅ ትፈርሳለች።

ሥራውን ያስያዛት የፓርኩ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሥራ አስኪያጁ አጎቷ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው። አባቷ ሲሞት እሷና እናቷ ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብተር የገዛላት፣ ትምህርት ቤት ያስመዘገባት፣ ስትታመም ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ያደረ እሱ ነው። የመጀመሪያዋን ኮከብ በጣቱ ያሳያትም እሱ። ሰው ሲያማው ብትሰማ «እናንተ አታውቁትም» ብላ ታልፍ ነበር። እውነቷንም ነበር፤ እሷም ገና አላወቀችውም።

ጨለማቸውን ጠብቀው ላቆዩ ፓርኮች የክብር እውቅና የሚሰጥ አንድ ማኅበር አለ። አጎቷ ያንን እውቅና ለማግኘት ሁለት ዓመት ደክሟል። ሰማዩ እንከን አልነበረበትም፤ እንከኑ ያለው ምድር ላይ ነው። ከኮረብታው ጀርባ፣ ሸለቆው ውስጥ፣ የሠራተኞች ሰፈር አለ። ስድሳ አባወራ፣ አንድ ክሊኒክ፣ አንድ የሠራተኞች ክበብ። የሰፈሩ የግቢ መብራቶች ቆብ ስለሌላቸው ብርሃናቸው ወደ ላይ ይረጫል። ከኮረብታው ሲያዩት በሰማዩ ጥግ ላይ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል።

የማኅበሩ ገምጋሚዎች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አጎቷ ቢሮው አስጠራት። ስትገባ በወረቀት መቀስ ጥፍሩን እየቆረጠ ነበር። ቁርጥራጩ የፓርኩ ካርታ ላይ እየተፈናጠረ ይወድቃል። እሱ በእጁ ጠረግ ሲያደርገው ወንበሯ ሥር ገባ።

«ልጄ፣ ሰዎቹ ማክሰኞ ይገባሉ» አላት። «ያንን ሰፈር ለሦስት ሌሊት ድርግም እናደርገዋለን።»

«ድርግም ማለት?»

«መብራቱን ነዋ። ለጥገና ነው ብለሽ ማስታወቂያ ጻፊ። ኤሌክትሪሺያኑን ዕረፍት አስወጥቼዋለሁ፣ አፉ አያርፍም። የማብሪያ ማጥፊያውን ቤት ቁልፍ አንቺ ያዢው።»

«ክሊኒኩስ ጋሼ? የውሃ ፓምፑስ?»

«ሦስት ቀን በባልዲ ቢቀዱ አይሞቱም። እኛ በኩራዝ አይደል የተማርነው?» አለና ሳቀ። «ለማን ብዬ ነው የምለፋው? ነገ እዚህ ወንበር ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።»

ጻፈችው። «ለሚፈጠረው መጉላላት ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን» የምትለውን መስመር አጎቷ አላዘዛትም፤ ከራሷ ነው ያከለቻት። ሰኞ አመሻሽ ላይ የሰፈሩን መስመር ማጥፊያ ቁልቁል ስባ ዘጋችውና ወደ ኮረብታው ወጣች። ሸለቆው ጠፋ። ሻይ የፈሰሰበት ቦታ ደርቆ በምትኩ እስከ ምድር ጠርዝ ድረስ ኮከብ ሞላበት። ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው ነጭ የከዋክብት ጎዳና ከዚያ በፊት ባላየችው ጥራት ከሸለቆው ተነሥቶ በራሷ ላይ አለፈ። እንዲህ ዓይነት ውበት አይታ አታውቅም። ብቻዋን ቆማ «ዋው» ስትል ለራሷ ተሰማት።

ገምጋሚዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ምርኩዝ የያዙ ሽበታም ሴት፣ ሌላው የጨለማ መለኪያ መሣሪያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት። የማክሰኞ ሌሊቱ ልኬት ጥሩ ሆነ። ወጣቱ ቁጥሩን ሲያነብ አጎቷ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው እጁን አፋተገ።

ረቡዕ ጠዋት የሠራተኞቹ ክበብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ክዳን የገጠመ ብረት ድስት አንከብክቦ ቢሮ መጣ። እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ የእንግዶቹን ፕሮግራም እየጻፈች ነበር።

«ጌታዬ፣ ሥጋው ጠረን አምጥቷል» አለ። «ማቀዝቀዣው ከሰኞ ጀምሮ ሞቷል። ልድፋው ወይስ...?»

አጎቷ ክዳኑን ከፈት አድርጎ አየና መልሶ ገጠመው። «ይሄም ሸተተ ይባላል? ቅመም አብዛበት፣ በደንብ አንተክትከው። በረሃ ላይ ምን የማይሸት ነገር አለ? አንተ ራስህ ትሸታለህ!»

ወጥ ቤቱ አንገቱን ደፋ። እሷ ሳቀች። ጠረኑ አፍንጫዋ ደርሷል፤ ጣፋጭ፣ ወፍራም፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ጠረን። እየሸተታትም ሳቀች፤ አጎቷ ሲቀልድ መሳቅ ከልጅነቷ የለመደባት ነገር ነውና። ሰውዬው ድስቱን ይዞ ወጣ።

ማታ እራት የተበላው በእንግዳ ማረፊያው አዳራሽ ነው፤ እዚያ መብራቱም ማቀዝቀዣውም የራሱ መስመር አለው። አጎቷ እየጎረሰ ያወራል፣ እያወራ ይጎርሳል። ጮማው በአገጩ ላይ ያብረቀርቃል። ለትልቋ ገምጋሚ የጠቦት ጎድን በእጁ መርጦ ሰሃናቸው ላይ ሲያስቀምጥ ሴትዮዋ አመስግነው በሹካ ገፋ አደረጉት። ጨረቃ ጠል ያንን እጅ አየች። በልጅነቷ በዚሁ እጅ ነው ስትጎርስ ያደገችው፤ ያኔ ጣቱ እንዲህ ወፍራም መሆኑን አስተውላ አታውቅም።

ኮረብታው ላይ ወጡ። ቀይ ባትሪዋን አብርታ ምንጣፉን ዘረጋች፣ ቴሌስኮፑን ሳተርን ላይ አነጣጠረች። «እኔ ልክፈተው» አለና አጎቷ ቀድሞ ዓይኑን ገጠመበት። ሲነሣ መመልከቻው መስታወት ላይ የጮማ አሻራ ቀረ። በጨርቅ ጠረገችው። አልለቀቀም። በሸሚዟ ጫፍ እንደገና ጠረገችው።

ትልቋ ገምጋሚ አልቸኮሉም። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ሸለቆው አቅጣጫ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ባልደረባችን ባለፈው ዓመት እዚያ ውስጥ ብዙ መብራት እንዳለ ጽፎ ነበር» አሉ። «ዛሬ በመኪና ስናልፍም ጣሪያ አይቻለሁ።»

«የድሮ ካምፕ ነው» አለ አጎቷ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «ሠራተኞቻችንን ወደ ከተማ አዛውረናቸዋል። አሁን ሰው የለበትም።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «አይደለም እንዴ ልጄ?»

ሴትዮዋም ወደ እሷ ዞሩ። በጨለማ ውስጥ ፊታቸው አይታይም፤ የሚጠብቁ መሆናቸው ብቻ ይታወቃል።

«አዎ» አለች። «ሰው የለበትም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የጠዋቱ የድስት ጠረን ተመልሶ ጉሮሮዋ ላይ ተቀመጠ።  

ወጣቱ መሣሪያውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ሲቆም ነፋሱ አቅጣጫ ቀየረ። ከሸለቆው ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ የሚቆራረጥ፣ እንደገና የሚነሣ።

«ምንድነው እሱ?» አለ ወጣቱ።

«ቀበሮ ነው» አለ አጎቷ። «ሌሊት ሌሊት ያላዝናሉ። ለጎብኚ ጥሩ ነው፣ ይወዱታል።»

ቀበሮ አልነበረም። ሰባት ዓመት እዚያ በረሃ ላይ ስላደረች የቀበሮን ድምፅ ከሰው ትለያለች፤ እሱም ይለያል። የሕፃን ልቅሶ ነው። እሱ ግን ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ ከጥርሱ መሐል ያወጣትን ነገር በምላሱ ጫፍ ቱፍ ብሎ ጣላት።

ብርድ ልብስ ላምጣ ብላ ወረደች። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዓይናቸው ስትሰወር በሩጫ።

ክሊኒኩ ገና ሳይታይ ሸተታት። በሩ ላይ ስትደርስ እግሯ አንሸራተታትና መቃኑን ይዛ ቆመች። ውስጡ ሁለት ክፍል ነው። ወለሉ ላይ፣ ካርቶን ላይ፣ አግዳሚው ላይ ሰው ተኝቷል፤ ከሃያ ይበልጣል። ባልዲዎቹ ሞልተዋል፤ ያልደረሰለት መሬት ላይ አስታውኳል። መጸዳጃው ውሃ ካጣ ሦስተኛ ቀኑ ስለሆነ ከበሩ ሥር ወደ መተላለፊያው ፈስሷል። ነርሷ ስልኳን በጥርሷ ነክሳ፣ በዚያ ብርሃን የአንዲት ሕፃን ክንድ ላይ ደም ሥር ትፈልጋለች። ሕፃኗ ማልቀስ አቅቷት ታቃስታለች።

ነርሷ ስልኩን ከጥርሷ አወጣች። «ማነሽ? እግርሽን አንሺ፣ ቆሻሻ ላይ ቆመሻል።»

«እኔ ነኝ። ምን ሆኑ?»

«የክበቡን ሥጋ በሉ። ምሳ ላይ። ማታ አንድ በአንድ መውደቅ ጀመሩ። መርፌውን የምወጋበት አይታየኝም፣ እጄን የምታጠብበት ጠብታ ውሃ የለኝም።»

«ለምን ሰው አልላካችሁም?»

«ልከናል እንጂ! የጥበቃ ኃላፊው እንግዳ አለ፣ ወደ ላይ መውጣት ክልክል ነው ብሎ መለሰው። ስልክ ደግሞ ይሄ ብቻ ነው የቀረው፣ ከመኪና ባትሪ ሞልተነው። ከዚህ ደግሞ መስመር አይዝም።»

ሕፃኗን የታቀፈችው የእንግዳ ማረፊያው መጸዳጃ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። «ሳቂታ» ይሏታል። የሰውን ቆሻሻ ስትጠርግ ውላ ስለ ቆሻሻው ቀልድ የምትፈጥር፣ ስንቱ የተማረ ሰው የት ተጸዳድቶ እንደሄደ እየተረከች ሰውን ሆዱን የምታስይዝ ሴት ናት። ከጨረቃ ጠል ጋር ምሳ አብረው ይበላሉ። አሁን ቀና ብላ አየቻት። ከንፈሯ ደርቋል፤ እሷም ታማለች።

«ጥገናው አላለቀም እንዴ እህቴ?» አለቻት፣ እንደሚያምን ሰው ለስለስ ብላ።

መልሱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። «ሊያልቅ ነው» ልትል ትችል ነበር፤ አፏ ላይም መጥቶ ነበር። ግን ጠረኑ ውስጥ ቆማ መዋሸት አልቻለችም።

«የሚጠገን ነገር የለም» አለች። «እንግዶቹ ጨለማ እንዲያዩ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

 ሳቂታ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ ቀዝቃዛ በሆነ ድምፅ፣ «ታዲያ ሂጂና አብሪዋ» አለች። «ቆመሽ ምን ታይኛለሽ?»

የማብሪያ ማጥፊያው ቤት ሩቅ አይደለም፤ ለእሷ ግን ራቀባት። መንገድ ላይ ጎንበስ ብላ አስታወከች። የተበላሸውን ሥጋ አልቀመሰችም፤ የወጣው የእንግዳ ማረፊያው ጠቦት ነው። አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ በሩን ከፍታ፣ እጀታውን ወደ ላይ ገፋችው። ሰፈሩ ባንድ ጊዜ ቦግ አለ። የውሃ ፓምፑ አጓራ። ከየቤቱ የሰው ድምፅ ተነሣ።

ኮረብታው ላይ ስትመለስ ሰማዩ ደብዝዟል፣ የመለኪያው ቁጥር ወርዷል። አጎቷ ባትሪውን ፊቷ ላይ አበራባት።

«ማነው የነካው? ቁልፉ አንቺ ጋ አይደለም እንዴ?»

እሱን አልመለሰችለትም። ወደ ትልቋ ገምጋሚ ሄደች።

«ሰው የለበትም ያልኩዎት ውሸት ነው» አለች። «ስድሳ ቤተሰብ ይኖርበታል። በተበላሸ ምግብ ታመዋል፣ ሕፃናት አሉ። ድምፁም ቀበሮ አይደለም። መኪናዎ ያስፈልገናል።»

«ልጅቷ ደክሟት ነው» አለ አጎቷ እየሳቀ። «እንቅልፍ አጥታ ነው፤ ጭንቅላቷ...»

«ይተውን እስቲ» አሉት ሴትዮዋ። ወጣቱን «መኪናውን አስነሣ» ብለው ወደ አጎቷ ዞሩ። «ባለፈው ዓመት የላክንላችሁ የመብራት ቆቦች የት ናቸው?»

«መጋዘን ናቸው። ልንገጥማቸው ስንል...»

«መብራት አጥፉ ያለ ማነው? ቆብ አልብሱ ነው ያልነው። ቆብ ቢለብስ ሰዉም በብርሃን ያድር፣ ሰማዩም አይጎዳም ነበር። ሰው ያለበት ቦታ መብራት እንዳለው እናውቃለን እኮ ጌታው።»

 ሴትዮዋ በምርኩዛቸው ቁልቁለቱን መውረድ ሲጀምሩ አጎቷ የጨረቃ ጠልን ክንድ ያዝ አድርጎ ጆሮዋ ላይ ጎነበሰ። ትንፋሹ ጮማና ሽንኩርት ይሸታል።

«ያሳደግሁሽ ለዚህ ነው? ያጎረሰሽን እጅ...» አለና ጉንጯን መታ መታ አደረገው፣ ልጅ ሳለች እንደሚያደርገው። ጣቶቹ እርጥብ ነበሩ። ክንዷን መንጭቃ ወረደች።

ሁለቱን የባሰባቸውን ሕፃናትና አንድ ሽማግሌ የጥበቃ ሠራተኛ የገምጋሚዎቹ መኪና ወደ ከተማ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ፈጣሪ ይመስገን፣ የሞተ የለም። የሳቂታ ልጅ አራት ቀን ተኝታ ድና ተመለሰች። ጨረቃ ጠል እስኪነጋ ድረስ ነርሷ ባዘዘቻት ሁሉ ስትሠራ አደረች፤ ባልዲ ደፋች፣ ወለል ፈገፈገች፣ የማታውቀውን ሰው ልብስ ለወጠች። የገዛ እጇ እንደዚያ አስጠልቷት አያውቅም፤ ያስጠላት ግን የነካችው ነገር አልነበረም። በሳሙና አጠበችው፣ በአልኮል አጠበችው። ማስታወቂያውን የጻፈውና መስመሩን ያጠፋው ያው እጅ ነው።

ጠዋት የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ጽሑፏን አገኘችው። አንድ ሰው «ይቅርታ እንጠይቃለን» በሚለው መስመር ላይ በጣቱ ጭቃ ለቅልቆበት ነበር። ጭቃ መሆኑን ለማረጋገጥ አልተጠጋችም።

ኤሌክትሪሺያኑ ከዕረፍቱ ተጠርቶ መጣ። መጋዘኑን ሲከፍቱ የቆቦቹ ካርቶኖች ውስጥ አይጥ ወልዳባቸዋለች፤ አርባ ሁለት ቆብ በአይጥ ኩስ ተሞልቷል። እሱና እሷ አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው አንድ በአንድ አጥበው ገጠሟቸው። ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለት ቀን ብቻ። አጎቷ ዓመት ሙሉ ያላገኘው ሁለት ቀን።

ሳቂታ ለወራት ያህል አላናገረቻትም። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ጠረጴዛ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ግን መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሲተላለፉ፣ «ከቢሮ የመጣ እንግዳ ነበረ፣ ሲወጣ መብራቱን አጠፋው፤ ያንቺ ዘመድ መሆን አለበት» አለቻት። ፊቷ አልሳቀም። በወሩ ግን አብረው መብላት ጀመሩ።

ፓርኩ በዚያ ዓመት እውቅናውን ተከለከለ። ገምጋሚዋ ያዩትን ሁሉ ጽፈው ላኩ። ከዋናው መሥሪያ ቤት አጣሪ መጣ፣ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ፈረመ፣ በላ፣ ሄደ። በመጨረሻ የተቀጣው ወጥ ቤቱ ነው፤ የተበላሸ ምግብ አቅርቧል ተብሎ ከሥራ ተሰናበተ። እሷ «ያዘዘው ሥራ አስኪያጁ ነው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ስቄም ነበር» ብላ ሦስት ገጽ ጻፈችለት። ወጥ ቤቱ በዓመቱ ተመለሰ። አጎቷ ግን ከዚያም ቀድሞ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛውሯል፤ አሁን የበላይ የሆነው ለአንድ ፓርክ ሳይሆን ለአምስት ነው።

ባለቆብ መብራቶቹ በሦስተኛው ዓመት እውቅናውን አመጡት። በዚያው ሰሞን የአጎቷ ልጅ ተመርቃ ቤተ ዘመድ እሱ ቤት ተሰበሰበ። እናቷ «ካልሄድሽ ስሜ ይነሣል» ስላለቻት ሄደች። አጎቷ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጦ፣ እየጎረሰ፣ ያንን ሰማይ እንዴት እንዳዳነው ያወራ ነበር። «እኔ ነኝ መብራት ሁሉ ቆብ ይልበስ ያልኩት» አለ። ዘመዱ ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ትልቅ ጉርሻ አዘጋጀ። «ነይ ልጄ፣ ቂም ለማንም አይበጅም፤ አፍሽን ክፈቺ» አላት። መረቁ በአንጓው ላይ እየወረደ እጅጌው ውስጥ ይገባል።

ሁሉም ያያታል። ተነሥታ ወጣች።

እናቷ ግቢው ደረጃ ላይ አገኘቻት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አስጠላኝ።»

«ምግቡ?»

«ምግቡማ ጥሩ ነው።»

እናቷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። «እሱ ባይኖር ጎዳና ነበርን እኮ ልጄ» አለች። «የበላነው ሁሉ ከዚያ እጅ ነው።»

«አውቃለሁ እማ» አለች። «ያንን ሳስብ ነው የሚብስብኝ።»

 እናቷ ቦርሳቸውን ለማምጣት ወደ ውስጥ ገባች። እሷ የግቢውን በር ከፍታ መንገድ ላይ ጠበቀቻት።